እርከን ብዬ ያነበብኩት

ክረምት ሲገባ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ጠዋት ጠዋት ይጠፋል። መንገዱስ አለ፤ እግሬ ያውቀዋል። ዓይኔ ግን አያገኘውም። ጉሙ ከጋራው ወርዶ የሱቆቹን ቆርቆሮ፣ የግቢዎቹን አጥር፣ ታክሲ የሚጠብቁትን ሰዎች ከወገባቸው በላይ ይውጣቸዋል። እኔ እንዲህ ባለው ጠዋት ደስ እያለኝ ነው የምወጣው። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ሰው ሁሉ እኔን ይሆናል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር እየገመተ ይራመዳል።

እኔ ፊደል የማየው በእንዲህ ያለ ጉም ውስጥ ነው። ይህን ስናገር "ዓይንሽን ታይተሻል?" ይሉኛል። ታይቻለሁ። ዓይኔ ጋራው ላይ ቆሞ አያት ሰፈር ያሉትን ኮንዶሚኒየሞች አንድ በአንድ ይለያል። ችግሩ ያለው ከዓይኔ ጀርባ ነው። ቃሉ ሲጀምር አየዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ይደበዝዝብኛል፤ መጨረሻውን ከራሴ እጨምርበታለሁ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ አንድ ድምፅ ይዘው ሦስት ቤት መኖራቸውን ይቅር ብያቸዋለሁ። ያ በ የሚሉት ግን አንድ እግሩን ባስረዘመ ቁጥር ባ መሆኑን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ልጅ ሆኜ የፊደል ገበታውን የያዝኩት እንደ ዘፈን ነበር። ከሀ ተነሥቼ እስከ መጨረሻው ሳልሳሳት እወርደዋለሁ። አንድ ቀን መምህራችን በስንጥር መሃል ላይ ያለች አንዲት ፊደል ነክተው "ይቺስ?" አሉኝ። በሆዴ ከሀ ጀምሬ እስክደርስባት ድረስ ክፍሉ ሲስቅ ቆየ። ደረስኩባት ግን። ከዚያም ወዲህ የኖርኩት እንዲሁ ነው፤ ሌላው ዘሎ የሚቆምበት ቦታ እኔ ከሥሩ እየቆጠርኩ እደርሳለሁ።

አባቴ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ልጅ ሳለሁ የማንበቤን ነገር ጠበል ወስዶ ሞከረው፤ ውሃው በሚያንቀጠቅጥ ብርድ ራሴ ላይ ሲወርድብኝ ፊደሎቹም አብረው የሚወርዱ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ መነጽር ገዛልኝ። ጠበሉ ያልቻለውን መነጽር ከየት ይቻለው? በመጨረሻ "ሰነፍ አይደለችም፤ ትንሽ ትዘገያለች እንጂ፤ ያልፍላታል" ብሎ ለጎረቤት መናገር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ነገሩን ጨርሶ ረሳው። ዲግሪ የሚማር ሰው ማንበብ አያቅተውም ብሎ ደመደመ፤ እኔም አላፈረስኩበትም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያዳኑኝ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ይመጣና ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። መጀመሪያ አጠገባቸው የተቀመጥኩት ጥላ ፈልጌ ነበር። ያን ቀን የተነበበው ስለ አፈር ነበር፤ አፈር እንዴት እንደሚፈጠር፣ እንዴት እንደሚሄድ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ እያንዳንዱ ነገር ቦታው ላይ ሲቀመጥ ታወቀኝ። በማግስቱም ሄድኩ። ከጊዜ በኋላ አንደኛው ተማሪ ፊቱን ወደ እኔ መልሶ "አንቺ ለማን ነው የምታነቢው?" አለኝ።

"ለማንም። እሰማለሁ" አልኩት።

"እንግዲያው ከእኛ ነሽ" አለና ዞሮ መስማቱን ቀጠለ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የተመረቅኩት በዚያ ዛፍ ሥር ነው ብል አልዋሸሁም።

ሥራ የያዝኩ ቀን አባቴ ሰፈሩን አዳረሰው። መገናኛ አካባቢ ካለ ሕንፃ ላይ፣ መስኮት አጠገብ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሰው ሁሉ "እንኳን ደስ አለሽ" ሲለኝ "እንኳን አብሮ ደስ አለን" እላለሁ፤ ደስ ግን አላለኝም። አንድ ሰው ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖርና "ቶሎ አይተሽ አስተያየት ስጪበት" ይለኛል። ቶሎ የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ትቀመጣለች። ወረቀቱን ይዤ መጸዳጃ ቤት እገባና በሩን ዘግቼ በጣቴ እየተከተልኩ በሹክሹክታ አነበዋለሁ። ስወጣ ያነበብኩት ግማሹ ይበተናል። እሁድ ከሰዓት ሲሆን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰኞ ይመጣብኛል። ትራሴን አቅፌ እተኛለሁ፤ እንቅልፍ አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

በዚህ ዓይነት ብዙ እንደማልቆይ አለቆቼ የገባቸው መሰለኝ፣ "ለጊዜው" ብለው ወደ ጋራው ላኩኝ። ባልደረቦቼ "ተገፋች" ብለው አዘኑልኝ። እኔም ስወጣ የተገፋሁ ነበር የመሰለኝ።

ባሕር ዛፉ የተመነጠረበት ተዳፋት አለ። ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይወርድና ከሥር ያሉትን ሰፈሮች ደጅ በጭቃ ይሞላዋል። የእኛ ሥራ ያንን ማስቆም ነው። ተዳፋቱን አቋርጠን ድንጋይ እየደረደርን እርከን እንሠራለን፤ ደረጃ በደረጃ፣ ውሃው በየደረጃው አርፎ እንዲወርድ። የድንጋዩ መስመር አንድ ጣት እንኳ ካዘነበለ ውሃው ዝቅ ወዳለበት ይሰበሰብና ጥሶት ይሄዳል። ስለዚህ ከምንም በፊት ልኩን ማግኘት አለ። ውስጡ የሚታይ ረጅም ቱቦ በውሃ እንሞላለን፤ አንዷ ሠራተኛ አንዱን ጫፍ እዚያ ማዶ ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን እዚህ። ውሃው በሁለቱም በኩል ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና ያርፋል። ያረፈበት ላይ ችካል እንመታለን።

ውሃው እስኪያርፍ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የቸኮለ ይሳሳታል። መጀመሪያ ቀን ቱቦውን ይዤ ስቆም ጉሙ መጥቶ ማዶ ያለችውን ሴትዮ ጋረዳት። ድምፅዋ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። "አረፈ?" ትለኛለች። "ገና ነው" እላታለሁ። "አሁንስ?" "ገና።" በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መዘግየቴን ጠበቀልኝ። ተቆጪ አይደለችም፣ አትስቅም፤ ሥራው እንደዚያ ስለሆነ ብቻ ትጠብቃለች። ሳይመነጠር ከቀረ ባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ጠብታው አንገቴ ሥር ሲገባ ሰውነቴ ፈታ አለ። እዚያው ቱቦ ይዤ አለቀስኩ፤ ጉም ስለነበረ ማንም አላየኝም።

"ለጊዜው" የተባለው ከርሞ ዓመታት ሆነ። ማንበብና መጻፍ ያለበትን ሥራ ከአንዲት የቢሮ ባልደረባዬ ጋር ተካፈልነው። ነገሬን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ሪፖርቴን በቴሌግራም በድምፅ እልክላታለሁ፣ እሷ ትጽፈዋለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ጋራ ላይ የሚያስወጣት ሥራ ሲመጣ ደግሞ እኔ እወጣላታለሁ። ማስታወቂያም ደብዳቤም ሲመጣ አንብባ በድምፅ ትልክልኛለች፤ አንዳንዴ ሐሜትም ትጨምርበታለች።

ባለፈው ክረምት ቡድን መሪያችን ጡረታ ወጡ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ንግግር የማያበዙ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አስጠርተውኝ "ቦታውን ላንቺ አስበነዋል" አሉኝ። ሥራው ሙሉ በሙሉ ቢሮ ነው፤ የሌሎችን ሪፖርት ማንበብ፣ ማረም፣ ወደ ላይ መጻፍ። አመስግኜ "ትንሽ ላስብበት" አልኩ። ከዚያ የማይሆን ነገር ሠራሁ፤ ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ባለሱቁ "ሹመት ያዳብር" አለኝ። አባቴ ለራሱ ያላገኘውን ወንበር ለእኔ ሲመኝ እንደኖረ አውቃለሁ። መዝገብ ቤት ሆኖ ሌሎች ተቀምጠው የሚጽፉትን ሲያመላልስ ነው ያረጀው። እንግዲህ ወንበሩን ብቀበል ጋራዬን አጣለሁ፣ ሰኞም ተመልሶ ይመጣብኛል። እምቢ ብል ለምን እንደሆነ ለአባቴ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ሁለቱንም ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ባልደረባዬ የዓመት ፈቃድ ወጥታ አገር ቤት ስለነበረች ራሴ ቆሜ አነበብኩት። የስብሰባ ጥሪ ነው። ቀኑን አገኘሁት፣ አዳራሹን አገኘሁት። ርእሱ "የሥራ እርከን" ይላል፤ ከመስክ ሠራተኞች ሐሳብ ይጠበቃል ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በስንት ዓመቱ ስለ እርከን ሊያወሩ ነው! ያን ሰሞን ጋራው ላይ ስወጣና ስወርድ የምናገረውን ለብቻዬ ሳነበንብ ከረምኩ። አንድ አህያ የሚነዱ አዛውንት ቆም ብለው "ደህና ነሽ ልጄ?" ብለውኛል።

የስብሰባው ቀን ጉሙ ታክሲውን አዘገየውና ተጀምሮ ደረስኩ። በኋለኛው በር ገብቼ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ቆሞ በምሬት ይናገራል። "እርከናችን ከተነሣ ስንት ጊዜው ነው?" ይላል። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ቦታ በጎርፍ ተነሥቷል፤ ግን እሱ የት አየው? ሌላዋ ተነሥታ "እርከኑ በጣም ዝቅተኛ ነው" አለች። ዝቅተኛ? ጉልበቴ ድረስ ነው የሠራነው። ሦስተኛው "በዚህ እርከን ላይ ሆኖ ቤተሰብ ማኖር አይቻልም" ሲል ግን ደነገጥኩ። ድንጋዬ ላይ ቤት ሊሠሩበት ነው እንዴ?

ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁ፤ ኃላፊያችንም መድረኩ ላይ ሆነው አይተውኝ "እስቲ ከመስክ እንስማ" አሉ።

"እርከን እኮ ለመውጣት አይደለም የሚሠራው" አልኩ። ድምፄ እንደዚያ ይጮኻል ብዬ አልጠበቅኩም። "ሁላችሁም ዝቅ አለ ከፍ አለ ትላላችሁ። እርከን የሚፈርሰው ዝቅ ስላለ አይደለም፤ ልኩን ስላላገኘ ነው። ልኩን ካገኘ ጉልበት ድረስ የሆነውም ይበቃል። የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ ያሳርፈዋል፤ አፈሩ እዚያው ይቀራል፤ በዓመቱ ሣር ይበቅልበታል። ልኩን ካላገኘ ግን ሰው የሚያክል ብታደርጉትም አንድ ጠንካራ ዝናብ ይበቃዋል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከፍ ከማድረጋችሁ በፊት ውሃው እስኪያርፍ ጠብቁ።"

መጀመሪያ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሁሉም። ፊት ለፊቴ የነበረችው ሴት ዓይኗን ጠረገች። ለድንጋይ ይህን ያህል የሚያለቅስ ሰው አለ ብዬ ተገረምኩ። ልቀመጥ ስል ዓይኔ መድረኩ ላይ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ አረፈ። ትልልቅ ፊደል ነው። እንደ ልጅነቴ ከሥሩ ጀመርኩ። እ። ር። ካ። ታ።

እርካታ። ስለ ሥራ እርካታ ነበር ሲያወሩ የቆዩት። ሰዉ ነገሩን ጎትቶ ወደ ደመወዝ እርከን ወሰደው፤ እኔ ደግሞ ጋራ ላይ ይዤው ወጣሁ። ጆሮዬ ጋለ። ስንወጣ አንዱ ትከሻዬን ይዞ "እንዴት ያለ ምሳሌ ነው ያመጣሽው!" አለኝ። ሌላው ቀርፆኝ ነበር። የተናገርኩት ስለ ድንጋይ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ ኃላፊያችን አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ደብዳቤ ነበር። "ትናንት የተናገርሽውን ሳስበው አደርኩ" አሉኝ። "እንዲህ የሚያስብ ሰው እዚህ ያስፈልገናል። አንብቢውና ፈርሚ።"

ደብዳቤውን አነሣሁት። ስሜን አየሁት፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ጉም ነው። ዝም ብሎ መፈረም ይቻል ነበር። የትናንቱ ጭብጨባ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር፤ እንዲያውም ለአፍታ ያህል እንደዚያ ዓይነት ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ መጸዳጃ ቤቱ ትዝ አለኝ።

"እኔ እርከን ብዬ ነው ያነበብኩት" አልኩ።

"ምኑን?"

"ማስታወቂያውን። እርካታ የሚለውን እርከን ብዬ አነበብኩት። የተናገርኩት ስለ እርከን ነው።"

"ስለ ድንጋዩ?"

"ስለ ድንጋዩ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊደሉን፣ ዛፉን፣ ሪፖርቱን በድምፅ እንደምልክ። የባልደረባዬን ስም ብቻ ደበቅኩ፤ እሳቸው ግን ማን እንደሆነች ሳያውቁ አልቀሩም። ወደ መስኮቱ ዞረው "እኛ እኮ አጨበጨብን" አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። ቀጥለውም "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አሉኝ።

"ያስወጡኛል ብዬ።"

"ላስወጣሽ እችል ነበር" አሉ፤ አልዋሹም። ደብዳቤውን መልሰው ወሰዱት። "ጋራው ላይ ትቀሪያለሽ። የምትይው ነገር ካለ ከእንግዲህ በድምፅ ለእኔ ላኪው። ግን እወቂው፤ እዚያ እስካለሽ ድረስ እርከንሽ አይነሣም።"

"ባይነሣ ነው የምፈልገው" አልኩ። በዚህ ሁለታችንም ሳቅን።

ለአባቴ የነገርኩት ያን ዕለት ከሥራ ስገባ ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ድምፁን የቀነሰውን ቴሌቪዥን ያያል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ "ወንበሩን እምቢ ብያለሁ" አልኩት።

ወዲያው ዞረ። "አስተምሬሽ፣ አስመርቄሽ፣ ድንጋይ ልትደረድሪ?"

"አባዬ፣ ማንበብ ያቅተኛል። ያልፍላታል ትል ነበር። አላለፈልኝም።"

"ዲግሪውስ?"

"በጆሮዬ ነው ያመጣሁት።"

ሪሞቱን ፈልጎ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲሄድ አየሁት፤ በምትኩ ምን እንደመጣ ግን አላወቅኩም። "አሁን እኔ ለሰው ምን እላለሁ?" አለ።

"ሥራዋን ትወደዋለች በላቸው።"

"ሥራ ይወደዳል እንዴ?" አለኝ። ያሾፈብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። እያሾፈ አልነበረም። ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ የታመመ ሰው ሕመሙን በሚጠየቅበት ድምፅ፣ "እንዴት ነው የሚያደርግሽ?" አለኝ።

ልነግረው የምችለው ብዙ ነበር። ጉሙ፣ የሴትዮዋ ድምፅ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ እርከኑ ላይ አርፎ የሚያብረቀርቀው ውሃ። አንዱም እሱ ዘንድ እንደማይደርስ ታወቀኝ። ከሁሉም የሚቀለውን መረጥኩ።

"ጠዋት ስነሣ አልፈራም" አልኩት።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

የጣቶቹን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ነካካ።

"እኔ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለኝ። "የኮቴን ቁልፍ እናትሽ ናት የምትቆልፍልኝ። ብርድ ነው እላት ነበር።"